«ከመቼ ጀምሮ ነው?» ለሚለው ጥያቄ የሀይቅ ደለል የሚሰጠው መልስ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ አንዲት የማስተርስ ተማሪ ከሀዋሳ ሀይቅ ዳርና ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ከሚገባበት አካባቢ ደለል ከላይ ከላዩ ዘግና ላብ (ላብራቶሪ) አስገባች፣ ሊድ (እርሳስ) በአማካይ 31 ሚሊግራም በኪሎ፣ ክሮሚየም 18 መጣላት። አማካሪዋ «ከዓለም የሼል ድንጋይ አማካይ ጋር አወዳድሪው» አሏት። ሼል ማለት ጭቃ ተጠቅጥቆ የጠጠረ ድንጋይ ነው፣ በዚያ ሚዛን ሊድ አማካዩ 20 ስለሆነ «ተበክሏል»፣ ክሮሚየም አማካዩ 90 ስለሆነ «ንፁህ ነው» ብላ ልትዘጋው ስትል አሞራ ገደል ያሉ አንድ አዛውንት አሳ አስጋሪ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው የገባው?» ብለው ጠየቋት፣ የምትመልሰው ጠፋባት። «ይሄን ማወቅ ይቻላል ወይ? ከተቻለስ በእጄ ባለው ዳታ ይሆናል?» ነው የምትለው።

እህቴ፣ ማወቅ ይቻላል። በእጅሽ ባለው ዳታ ግን አይቻልም። ይሄን ስልሽ ልፋትሽን ላጣጥል አይደለም፣ እኔም የጀመርኩት እንደዛው ከላይ ዘግኜ ነው፣ አሁን ስዊድን ሰሜኑ ጋ የሀይቅ ደለል ላይ ነው የምሰራው፣ እና እኚህ አባት የጠየቁሽ ጥያቄ የኛ ሙያ በሙሉ የቆመበት ጥያቄ ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምፅፈው።)

ቡና ሲሰክን አስቢው። ጀበናው ዝም ብሎ ሲቀመጥ አተላው ወደ ታች ይወርዳል አይደል፣ ሀይቅም እንደዛ ነው፣ ወንዝ ያመጣው አፈር፣ ንፋስ ያመጣው አቧራ፣ ውሃው ውስጥ የሞተው አልጌ ምናምን ሁሉ ቀስ እያለ ታች ይሰክናል፣ የዘንድሮው ባምናው ላይ፣ ያምናው በካቻምናው ላይ። ሊድ፣ ሜርኩሪ፣ ዚንክ፣ ክሮሚየም የመሳሰሉት ደግሞ ውሃ ውስጥ ለብቻቸው ብዙ አይቆዩም፣ ደቃቁ ሸክላና የበሰበሰው ነገር ላይ ተጣብቀው አብረው ይወርዳሉ። ስለዚህ አንቺ የዘገንሽው የላይኛው 5 ወይ 10 ሴንቲ ሜትር የስንት ዓመት ደለል እንደሆነ አታውቂም፣ የ10 ዓመት ሊሆን ይችላል፣ የ50ም ሊሆን ይችላል፣ ሁሉም አንድ ላይ ተቦክቶ ነው ላብ የገባው። «ከመቼ» የሚለው እዛው ባካፋው ውስጥ ጠፋ ማለት ነው።

የሚያስፈልግሽ ኮር ነው። ግልፅ የፕላስቲክ ቱቦ ክብደት ታስሮበት በገመድ ወደ ታች ይለቀቅና ደለሉ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይገባል፣ ላይኛው አፉ ይዘጋል፣ ደለሉን እንደተደረደረ ይዞ ይወጣል። ቱቦው ሲወጣ ከደለሉ በላይ ያለው ውሃ ጥርት ያለ መሆን አለበት፣ ከደፈረሰ ላይኛው ንብርብር ተረብሿል ማለት ነውና ድፊውና ድገሚ፣ እዚህ ላይ መራራት የለም። ጀልባ ላይ ቱቦው እንዳያዘነብል፣ ደለሉን ከታች ገፍተሽ እያወጣሽ በየግማሽ ወይ በየ1 ሴንቲ ሜትሩ ቁረጪ፣ በብረት ቢላ ሳይሆን በፕላስቲክ፣ እና የቱቦውን ግድግዳ የነካውን ጠርዝ ጣዪው ምክንያቱም ቱቦው ሲገባ የላዩን ወደ ታች እየጎተተ ይቀባዋል። እኛ እዚህ ክረምቱ ሲያበቃ በረዶው ገና ወፍራም እያለ ሀይቁ ላይ በእግራችን እየሄድን በረዶውን በስተን ነው የምናወጣው፣ መሬት ላይ እንደቆምሽ ነው፣ ምንም አይወዛወዝም። አንቺ ያ የለሽም፣ ስለዚህ በማለዳ ውጪ፣ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ከተነሳ ጀልባዋ አታስቆምሽም።

ቦታው ደሞ ወሳኝ ነው። ዳር ላይ አይሆንም፣ ወንዝ አፍ ላይም አይሆንም። ሀዋሳ ጥልቁ ቦታ ወደ 22 ሜትር ገደማ ነው፣ ለ90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሀይቅ ይሄ ጥልቅ አይባልም፣ ዳር ዳሩን ንፋስ ያምሰዋል፣ ቆሮሶው ለእንቁላሉ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ አምባዛው ጭቃውን ያተራምሰዋል፣ ከዛ ደግሞ የሀይቁ ከፍታ ባለፉት አሥርት ዓመታት ጨምሯል፣ ዛሬ ውሃ ውስጥ ያለው ዳር ትላንት የከብት ግጦሽ ሊሆን ይችላል። ጥልቁ ቦታ ሂጂ፣ አንድ ኮር ብቻም አትውሰጂ፣ ቢያንስ ሁለት ሶስት፣ የአንዱ ግራፍ ከሌላው ጋር ካልተስማማ ያኔ ነው ጥያቄ የሚነሳው።

አሁን ወደ «ከመቼ» እንምጣ። ዕድሜውን በብዛት የምናውቀው በሊድ-210 ነው፣ እርሳስን በእርሳስ እንለካለን ብትዪ አልተሳሳትሽም፣ ግን ይሄኛው በካይ ከምንለው ሊድ የተለየ፣ በጣም ጥቂት፣ ተፈጥሮ ራሷ የምትሰራው ራዲዮአክቲቭ ሊድ ነው። አፈር ውስጥ ያለው ራዲየም ወደ ራዶን ጋዝ ይለወጣል፣ ጋዙ ወደ አየር ያመልጣል፣ አየር ላይ በቀናት ውስጥ እየፈረሰ መጨረሻ ላይ ሊድ-210 ይሆንና በዝናብና በአቧራ ሀይቁ ላይ ይወርዳል። በየ22 ዓመት ከምናምኑ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ከሰማይ የመጣው ክፍል 10 ሴንቲ ሜትር ላይ የላዩን ግማሽ ያህል ከሆነ እዛ ያለው ደለል ወደ 22 ዓመቱ ነው፣ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ሩብ ከሆነ 44 ወይ 45 ዓመቱ። በተግባር ደለሉ ወደ ታች ሲሄድ ስለሚጠቀጠቅ በሴንቲ ሜትር ሳይሆን በደረቅ ክብደት ነው የምናሰላው፣ የደለሉ ፍጥነትም ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ ለሱ የተሰሩ ሞዴሎች አሉ፣ መሰረቱ ግን ይሄው ነው። ከ5 ከ6 ግማሽ በኋላ የሚቀረው ከደለሉ ከራሱ ራዲየም ከሚወጣው ስለማይለይ ከ120፣ ቢበዛ ከ150 ዓመት ወደ ኋላ አይወስድሽም። ላንቺ ጥያቄ ይበቃል፣ በሀዋሳ የፋብሪካ ታሪክ ከዛ ወዲህ ነው።

ሊድ-210 ብቻውን አይታመንም፣ ምስክር ይፈልጋል። ሰሜኑ አለም ላይ ምስክሩ ሲዚየም-137 ነው፣ ከኒውክለር ቦምብ ሙከራ የመጣ፣ በ1950ዎቹ ይጀምርና 1963 ላይ ጫፍ ይይዛል፣ የዛን ዓመት ነው ሙከራውን አየር ላይ ማድረግ የሚከለክለው ስምምነት የተፈረመው። ስዊድን ላይ ከዛ በላይ የቼርኖቢል የ1986ቱ ሁለተኛ ጫፍ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኛ አገር ግን ተጠንቀቂ፣ ምድር ወገብ አካባቢ የቦምቡ ሲዚየም ከመነሻው ትንሽ ነው የወረደው፣ የቀረውም ግማሽ ዕድሜው 30 ዓመት ስለሆነ ከ1963 ወዲህ ሁለት ጊዜ ተጋምሷል፣ የቼርኖቢሉን እዛ ፈልጌ አገኛለሁ ብለሽ አትልፊ። ፕሉቶኒየም ይሻላል፣ ዕድሜው ረጅም ስለሆነ አሁንም እንዳለ ነው፣ የሚለካ ላብ ግን ውጪ መፈለግሽ ነው።

እና አንድ ወጥመድ አለ፣ ብዙ ሰው ሲወድቅበት አይቻለሁ። ግራፉ ላይ ክሮሚየም የሚጨምርበትን ቦታ ያዩና «ፋብሪካው የተከፈተው በዚህ ዓመት ነው፣ ስለዚህ ይሄ ንብርብር የዛ ዓመት ነው» ይላሉ፣ ገፅ ገልጠው ደግሞ «እንግዲህ ብክለቱ የጀመረው ፋብሪካው ሲከፈት እንደሆነ ኮሩ አረጋገጠ» ይላሉ። ይሄ ማስረጃ አይደለም፣ ራሱን በራሱ መመስከር ነው። ዕድሜውን መጀመሪያ በሌላ መንገድ አግኚ፣ ከዛ በኋላ ነው የፋብሪካውን ዓመት አጠገቡ የምታስቀምጪው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2016 ነው የተከፈተው፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከሱ በፊት ለብዙ ዓመት ነበር፣ ኮሩ የሚለው ከሁለቱ ከአንዱ ጋር ላይገጥምም ይችላል፣ ያኔ እሱን እንዳለ መፃፍ ነው።

አሁን ደግሞ እኔን በጣም ወደሚያሳስበኝ ልምጣ፣ የሼሉ አማካይ። እሱ ቁጥር በ1961 የወጣ ሰንጠረዥ ላይ ያለ ነው፣ ያኔ ለጂኦኬሚስትሪ ትልቅ ነገር ነበር፣ ሰንጠረዡ ግን ሼልን ብቻ አይደለም የሚሰጠው፣ ሌሎች ድንጋዮችንም ይሰጣል፣ ያንን አምድ የሚያነበው ሰው ጥቂት ነው። እዛው ላይ ባዛልት (ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ክሮሚየሙ 170 ነው፣ ሊዱ 6። ካልሲየም የሌለው አይነት ግራናይት ደግሞ ክሮሚየሙ 4 ብቻ፣ ሊዱ 19። አሁን ሀዋሳ ምን ላይ ነው የተቀመጠው? ያረጀ ካልዴራ (እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የተደረመሰ ትልቅ ጎድጓዳ) ውስጥ፣ ዙሪያው ባብዛኛው ራዮላይት፣ ኢግኒምብራይት፣ ፓሚስ፣ ማለትም በኬሚስትሪው ለግራናይት የሚቀርብ ነገር፣ ባዛልቱ ጥቂት ነው። ስለዚህ ያንቺ ሊድ 31 በኪሎ መጣ ተብሎ ከመደንገጥ በፊት ድንጋዩ ራሱ 20 ምናምን ይዞ ሊመጣ እንደሚችል አስቢ፣ ከዛ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ክሮሚየሙ ግን 18 ነው ብለሽ «ንፁህ» ያልሽው፣ ድንጋዩ 4 ወይ 5 ብቻ ቢኖረው ኖሮ 18 አራት እጥፍ ነው። እንግዲህ በአንድ የተሳሳተ ሚዛን ንፁሁን ተበክሏል፣ የተበከለውን ንፁህ ልትዪ ነበር ማለት ነው። ሆኗል አላልኩም፣ ሊሆን ይችላል ነው፣ የትኛው እንደሆነ የሚነግርሽ ግን ሰንጠረዥ ሳይሆን የራሱ የሀዋሳ ደለል ነው፣ ከፋብሪካ በፊት፣ ከመኪና በፊት፣ ከከተማው በፊት የተኛው የኮሩ ታችኛው ክፍል። ቤዝላይን የሚባለው እሱ ነው። ጣና ላይ ብትሰሪ ነገሩ በሙሉ ይገለበጥ ነበር፣ ዙሪያው ባዛልት ስለሆነ ምንም ፋብሪካ ሳይኖር ክሮሚየምና ኒኬል ከሼል በላይ ሊወጣብሽ ይችላል፣ ሊድ ደግሞ በእጥፍ ጨምሮ እንኳን ከ20 በታች ሆኖ «ንፁህ» ይባልልሽ ነበር። በዚህ መንገድ ስንት ሀይቃችን ያለ ጥፋቱ ተወንጅሎ ስንቱስ በነፃ እንደተለቀቀ ሳስበው ያመኛል።

ላቡም ምን አይነት አሲድ እንደተጠቀመ ጠይቂ። የኛ ላቦች ባብዛኛው ናይትሪክና ሃይድሮክሎሪክ ቀላቅለው ነው የሚያፈሉት፣ ያ የድንጋዩን ሲሊኬት አያሟሟውም፣ ክሮሚየም በተለይ ማዕድኑ ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። የሼሉ ቁጥር ግን የጠቅላላው ነው። ግማሹን ለክቶ ከሙሉው ጋር ማወዳደር አይሆንም፣ ያንቺ ላይ ታች በአንድ አይነት መንገድ ከተለካ ግን ችግር የለውም፣ እሱም ሌላው የኮር ጥቅሙ ነው።

ቤዝላይኑን ካገኘሽ በኋላ ቁጥሩን እንዳለ አታወዳድሪ፣ ከአሉሚኒየም ወይ ከታይታኒየም ጋር አካፍይው። ምክንያቱን በምሳሌ ላሳይሽ፣ ታች ሊድ 22 ሚሊግራም፣ አሉሚኒየም 62 ግራም በኪሎ ነው እንበል፣ ላይ ሊድ 31፣ አሉሚኒየም 87። ሊዱ ጨምሯል ትያለሽ፣ ግን ስታካፍይው ሁለቱም 0.36 አካባቢ ነው፣ የጨመረው ሸክላው ነው፣ ሸክላ ደግሞ የራሱን ሊድ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ብክለት የለም። አሉሚኒየሙ ላይም 62 ቢሆን ኖሮ ግን ጭማሪው ከሌላ ቦታ የመጣ ነው፣ አንድ ነጥብ አራት እጥፍ። አንድ ዓይነት 31፣ ሁለት የተለያየ ታሪክ።

ይሄም ብቻውን አይበቃም፣ የሚወርደው መጠን ራሱ መሰላት አለበት፣ በዓመት በአንድ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ስንት ነው የሚለው። የዙሪያው ደን ሲመነጠር፣ ኮረብታው ሲታረስ አፈሩ ይጎርፋል፣ ደለሉ በአራት እጥፍ ይፈጥናል፣ ብዙ አፈር ደግሞ ሊዱን ያቀጥነዋል። ለምሳሌ ድሮ በዓመት 0.1 ግራም ደለል ወርዶ በግራም 30 ማይክሮግራም ሊድ ከነበረው 3 ማይክሮግራም ነው የወረደው፣ አሁን 0.4 ግራም ወርዶ 20 ብቻ ቢሆን 8 ማይክሮግራም ነው። ግራፉ «ቀነሰ» ይላል፣ ሀይቁ ግን ከእጥፍ በላይ እየተቀበለ ነው። ሀዋሳ ላይ ይሄ የወረቀት ጨዋታ አይደለም፣ ከከተማው ምስራቅ ያለው የጨለለቃ ረግረግ ድሮ ጎርፉንና ደለሉን የሚያጣራ ወንፊት ነበር፣ እየደረቀ ሲሄድ የሚይዘው ነገር በጥቁር ውሃ በኩል ቀጥ ብሎ ሀይቁ ይገባል። ሚኒሶታና ዊስኮንሲን ውስጥ ወንዝ የማይገባባቸው ራቅ ያሉ ሀይቆች ላይ በ1992 የወጣ ጥናት ሜርኩሪውን በዚህ መንገድ ነው ያሰላው፣ በ1850 አካባቢ በስኩዌር ሜትር በዓመት 3.7 ማይክሮግራም ከአየር ይወርድ የነበረው 12.5 ደርሶ ነበር። አጠገባቸው ፋብሪካ የለም፣ ሜርኩሪ ጋዝ ሆኖ ወራት ሙሉ አየር ላይ ስለሚቆይ የሩቅ ከሰል ማቃጠያና የቆሻሻ ማቃጠያ ጭስ ነው እዛ የሚወርደው። ስለዚህ የሀዋሳም ሜርኩሪ ቢጨምር ሁሉንም ካጠገቡ ያለ ፋብሪካ ላይ አትጫኚ።

«ከመቼ» ብቻ ሳይሆን «ከየት» የሚለውም ይመለሳል፣ በሊድ አይሶቶፕ። ሊድ አራት የማይፈርስ አይነት አለው፣ 204፣ 206፣ 207፣ 208፣ ሶስቱ ከዩራኒየምና ከቶሪየም ፍርስራሽ ስለሚጨምሩ እያንዳንዱ የማዕድን ቦታ የራሱ የሆነ ድርሻ አለው፣ ሲቀልጥም ሲቃጠልም ያ ድርሻ አይለወጥም። ስዊድን ላይ ይሄ እንዴት እንደሰራ ልንገርሽ፣ የኡሜኦ ዩኒቨርሲቲው ኢንገማር ሬንበሪና ባልደረቦቹ ከ1994 ጀምሮ ባወጧቸው ጥናቶች ነው ያሳዩት። የዚህ አገር ድንጋይ በጣም አሮጌ ስለሆነ የሀይቁ ታችኛ ደለል የ206 ለ207 ሬሾው ከ1.3 በላይ ነው፣ ከውጪ የሚመጣው በካይ ሊድ ደግሞ 1.17 አካባቢ። እና ኮሩን ወደ ላይ ስትመጪ ፋብሪካ የሚባል ነገር ሳይታሰብ፣ ከ2000 ዓመት በፊት ገደማ፣ ሬሾው ዝቅ ሊድ ከፍ ይላል። የሮማውያን ነው። ብር ለማውጣት ሊድ ያቀልጡ የነበረው ጭስ ከአውሮፓ ደቡብ ተነስቶ እዚህ ጫካ ውስጥ ያለ ሰው የማይደርስበት ሀይቅ ላይ ወረደ። ሮም ስትወድቅ ይቀንሳል፣ ከ900 ከ1000 በኋላ እንደገና ይነሳል፣ 1200 ላይና 1530 ላይ ጫፍ አለው፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሽቅብ ይወጣና 1970ዎቹ ላይ ከሁሉ በላይ ይሆናል፣ ከዛ ይወድቃል። አንዳንዱ ሀይቅ ውስጥ ንብርብሩ በየዓመቱ እንደ ዛፍ ቀለበት የሚቆጠር ነው፣ ካስሾን የሚባለው ላይ ከ6000 በላይ ዓመት ይቆጠራል፣ ያንን ቀዝቅዞ የወጣ ኮር መጀመሪያ በዓይኔ ያየሁ ቀን አልረሳውም።

የ1970ዎቹ ጫፍ ቤንዚን ነው። ሊድ ቤንዚን ውስጥ መጨመር የተጀመረው አሜሪካ በ1923 ነው፣ አውሮፓ ውስጥ ይጨመር ከነበረው ብዙው ከአውስትራሊያው ብሮክን ሂል ማዕድን ስለነበር ሬሾው 1.04 አካባቢ ነው፣ በዓለም ላይ እንደሱ ዝቅ ያለ ጥቂት ስለሆነ የቤንዚኑ ጭስ ደለል ውስጥ ተለይቶ ይታወቃል። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች በ2001 ዳካር ላይ ተስማምተው እስከ 2006 መጀመሪያ ድረስ ከሊድ ቤንዚን ተላቀዋል፣ ከዓለም መጨረሻ የተወችው አልጄሪያ ናት፣ በ2021። ስለዚህ የሀዋሳው ኮርሽ ላይ ሊድ የጨመረው ከመኪና ከሆነ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ መቀነስ አለበት፣ እየጨመረ ከሄደ ግን ምንጩ ሌላ ነው፣ ባትሪ፣ ቀለም፣ ከከተማው የሚታጠበው ጎርፍ። ይሄ አይሶቶፕም ሳያስፈልግ ከዕድሜው ብቻ የምታገኚው መልስ ነው። አይሶቶፑን ካሰራሽ ደግሞ እንደ ስዊድን የተራራቀ ቁጥር አትጠብቂ፣ የስምጥ ሸለቆው ድንጋይ ወጣት እሳተ ገሞራ ስለሆነ ሬሾው ከበካዩ ጋር ይቀራረባል፣ ትንሿን ልዩነት የሚይዝ ጥሩ መሳሪያ ያስፈልጋል።

ደለል ከተፃፈ ታሪክ ይበልጣል ስል ማጋነን እንዳይመስልሽ፣ ፖቶሲን ላንሳልሽ። ቦሊቪያ ውስጥ ያለው የብር ተራራ፣ ስፔኖች በ1545 አገኘነው ያሉት። ከተራራው ኪሎ ሜትሮች ርቆ ሎባቶ የሚባል ትንሽ ሀይቅ አለ፣ አቦትና ዎልፍ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ኮር አወጡበትና በ2003 ያሳተሙት ግራፍ ላይ ሊድ፣ አንቲሞኒ፣ ቆርቆሮ፣ ብር አንድ ላይ ከፍ የሚሉት ስፔኖች ከመምጣታቸው ብዙ መቶ ዓመት በፊት ነው፣ ከ1000 እስከ 1200 ባለው ጊዜ፣ ከኢንካ መንግሥትም በፊት። የአገሩ ሰው ተራራ ላይ በንፋስ በሚነድ ትንሽ ምድጃ ብሩን ከሊድ ጋር ያቀልጥ ነበር። ፔሩ ሁዋንካቬሊካ ላይ ደግሞ የሜርኩሪ ማዕድን ቁፋሮው ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 1400 እንደሚመለስ በ2009 የወጣው የሀይቅ ደለል ጥናት አሳይቷል። ማንም ያልፃፈላቸው ሰዎች ስራቸው እዛ ጭቃ ውስጥ ተመዝግቦ ተገኘ። የኛም አገር ፋብሪካ ምን እንደለቀቀ የሚል መዝገብ ካልተያዘ ወይ ካልተሰጠሽ፣ ሀይቁ ይዞታል።

ሁሉን ብረት እኩል አትመኚ ታዲያ። ሊድና ሜርኩሪ ባብዛኛው የተቀበሩበት ይቆያሉ። አይረን (ተራው ብረት)፣ ማንጋኒዝና አርሰኒክ ግን ደለሉ ውስጥ ኦክስጅን ሲያልቅ ይሟሟሉ፣ በውሃው ሽቅብ ይወጣሉ፣ ላይ ኦክስጅን ሲያገኙ እንደገና ይጠጥራሉ። ስለዚህ ላይኛው 2 ሴንቲ ሜትር ላይ ማንጋኒዝና አርሰኒክ አብረው ጫፍ ቢይዙ ያ የዘንድሮ ብክለት ላይሆን ይችላል፣ የሀይቁ የራሱ ኬሚስትሪ ነው። ማንጋኒዝና አይረንን አብረሽ ለኪ፣ አንዱ በካይ ብረት ግራፉ ከነሱ ጋር አንድ ላይ የሚወጣ የሚወርድ ከሆነ ያኔ እጅሽን ሰብስቢ።

በነገራችን ላይ፣ ዕድሉን ካገኘሽ ወይ ጓደኛሽ ርዕስ እየፈለገ ከሆነ እኔ አገር ቤት በጣም እንዲሰራ የምመኘው ቆቃ ነው። ግድቡ በ1960 ነው ያለቀው፣ ስለዚህ የደለሉ ታች ላይ ስትደርሺ የድሮው የእርሻ አፈር ይመጣል፣ ከሱ በላይ ያለው አንድም ከ1960 የሚያረጅ የለም፣ ዕድሜውን ማንም ሳይለካው አንድ ነጥብ ተሰጥቶሻል። የአዲስ አበባን ቆሻሻ የያዘው አቃቂ በአባ ሳሙኤል አልፎ አዋሽን ይዞ እዛ ይገባል፣ የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ክሮሚየምም በሞጆ ወንዝ በኩል እዛው። እና የቆቃ አሳ አዲስ አበባ ይበላል፣ በቆቃ ውሃ ቲማቲምና ሽንኩርት ይመረታል። እዛ ግን ከላይ ያልኩሽን የባዛልት ነገር ሳትረሺ፣ ከደጋው የሚመጣው አፈር የራሱን ክሮሚየም ይዞ ነው የሚወርደው፣ ከአሉሚኒየም ጋር ሳይካፈል ለፋብሪካ የሚለጠፍ ቁጥር ፍርድ ቤትም አይቆምም።

ያንቺን ቴሲስ በተመለከተ፣ ጊዜ ካለሽ አማካሪሽን አነጋግረሽ ከጥልቁ ቦታ ሁለት ኮር አውጪ፣ 50 ሴንቲ ሜትር የምታህል ካገኘሽ ጥሩ ነው። ሁሉንም ንብርብር መለካት የለብሽም፣ መጀመሪያ 10 ወይ 12 መርጠሽ ብረቶቹን ከአሉሚኒየም ጋር አስለኪ፣ ላይና ታች ልዩነት ካለ ያኔ ለሊድ-210 ገንዘብ ትፈልጊለታለሽ፣ ልዩነት ከሌለ ገንዘቡን አታጥፊ። ጊዜ ከሌለሽ ደግሞ «ተበክሏል» እና «ንፁህ ነው» የሚሉትን ሁለቱንም ቃላት አውጪና «የላይኛው ደለል በዚህ ወቅት ይሄን ያህል ይዟል» ብለሽ ፃፊ፣ ሼሉንም ግራናይቱንም ጎን ለጎን አስቀምጪው፣ አንባቢው ያያል፣ ማንም ፈታኝ በዛ አይጥልሽም።

ለአሞራ ገደሉ አባት ደግሞ አሁን ሄደሽ አላውቅም ማለት ነውር የለውም፣ ግን ባዶ እጅሽን አትሂጂ፣ እሳቸውን ጠይቂ። ውሃው በየትኛው ዓመት ወደ ቤቶቹ እንደገፋ፣ ረግረጉ መቼ እንደደረቀ፣ አሳው መቼ እንደሞተ፣ የጥቁር ውሃ ቀለም መቼ እንደተለወጠ ያስታውሱ ይሆናል፣ ፃፊው፣ ኮሩ ላይ የሆነ ቀለሙ የተለየ ንብርብር ስታገኚ ዕድሜው ከተለካ በኋላ ከሳቸው ዓመት ጋር ታስተያይዋለሽ። እና የተረፈውን ሳምፕል እንዳትጥዪው፣ አድርቀሽ በንፁህ ፕላስቲክ ዕቃ፣ ቦታውንና ጥልቀቱን ቀኑን ፅፈሽበት አስቀምጪው፣ አይሶቶፕ ማስለካት ከፈለግሽ ከአንድ ግራም በታች ነው የሚበቃው፣ ኮሩም ከወጣ በኋላ እንዴት እንደምትቆርጪው ከቸገረሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።